ከጋዝ ቦይ ወደ ምድር ሙቀት

በማሳቹሴትስ የጋዝ ቧንቧ መዘርጋት ዓመታት የኖርሁበት ሙያ ነው። ግዛቱ ከጋዝ ቀስ በቀስ ለመላቀቅ ማቀዱ ሲሰማ፣ በእኛ በሠራተኞቹ መካከል የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነበር፤ እንጀራችንስ? መልሱን ያገኘሁት ፍራሚንግሃም ከተማ፣ ኤቨርሶርስ የተባለው የጋዝና የኤሌክትሪክ ኩባንያ ባስቆፈረው ቦይ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው ይህ የምድርን ሙቀት በቧንቧ ወደ ሕንፃዎች የሚያደርስ መረብ 36 ሕንፃዎችን ያገለግላል፤ መኖሪያ ቤቶችን፣ የእሳት አደጋ ጣቢያን ጭምር። በአሜሪካ የጋዝ ኩባንያ ከሠራቸው የመጀመሪያው ነው።

ዘመዶቼ «እንደ አሉቶ ላንጋኖ ነው?» ይሉኛል። አይደለም። በኢትዮጵያው አሉቶ ከ300 ዲግሪ በላይ የጋለ ምድር የተቆፈረው በእንፋሎቱ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ነው። ፍራሚንግሃም ግን ጉድጓዱ 200 ሜትር ገደማ ነው፤ ምድሩም ዓመቱን ሙሉ ከ13 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። በቧንቧው የሚዞረው ውሃ ያንን መጠነኛ ሙቀት ይዞ ይመጣል፤ በየቤቱ ያለው የሙቀት ፓምፕ ከፍ አድርጎ ቤቱን ያሞቅበታል። በበጋ ደግሞ የቤቱን ሙቀት ወደ ምድር ይመልሰዋል።

የእጅ ሥራው አልተለወጠብኝም። ቧንቧው እንደ ጋዙ ሁሉ ፖሊኤቲሊን ነው። ሁለቱን ጫፎች መቆንጠጫው ላይ አስሬ እኩል እስኪሆኑ እልጋቸዋለሁ፤ ከ200 ዲግሪ በላይ በጋለ ሳህን ላይ አስጠጋቸዋለሁ። ቀልጠው ጠርዛቸው ሲያብጥ ሳህኑን ፈጥኜ አውጥቼ አንዱን በሌላው ላይ እጫናለሁ። ዙሪያውን እኩል ከንፈር ካወጣ መልካም ነው፤ ከዚያ እስኪበርድ አለመንካት። የጣት ቅባት ወይም ነፋስ ያመጣው አቧራ መጋጠሚያውን ያበላሸዋል።

አዲስ የሆነብኝ ፍተሻው ነው። ጋዝ ቢያፈተልክ የተጨመረበት ሽታ ያጋልጠዋል፤ ውሃ ግን ድምፁን አጥፍቶ ይሰርጋል። ስለዚህ አፈሩ ከመመለሱ በፊት ግፊት መለኪያው ላይ ዓይንን ተክሎ መቆየት ግድ ነው። በቧንቧው የቀረ አየርም በኃይለኛ ፍሰት ታጥቦ ካልወጣ ፓምፑን ያንገላታል። ለዚህ ሥራ በወሰድሁት ሥልጠና ደጋግሜ የተለማመድሁት ይህንን ነው። ግቢያቸው የሚቆፈርባቸውን ነዋሪዎች ማነጋገርም የሥራው ግማሽ ሆነ፤ አጥሬን ማን ይመልስልኛል ለሚል ሰው መልስ ሳይሰጡ አካፋ ማንሣት አይገባም።

ሕግ ባይኖር ግን ይህ ሁሉ አይታሰብም ነበር። የጋዝ ኩባንያ ከጋዝ ሌላ ለመሸጥ ፈቃድ ይፈልጋል። ማሳቹሴትስ በ2020 ለሙከራ ፈቀደ፤ በ2024 ደግሞ በሕግ አሰፋው። ኒው ዮርክ በ2022 ባወጣው ሕግ ትልልቆቹን ሰባት ኩባንያዎች የሙከራ ፕሮጀክት እንዲያቀርቡ አዘዘ፤ ሥራቸው ለሚነካባቸው የጋዝ ሠራተኞችም ቦታ እንዲታሰብ አደረገ። ለእኔ የኒው ዮርኩ ይበልጥብኛል፤ ሠራተኛው በሕጉ ውስጥ ተጽፏል።

በጋዝ ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሥልጠናውን ቅነሳ ሳይመጣ ውሰዱ። የብየዳ ምስክር ወረቀታችሁ ለዚህኛው ቧንቧ ዓይነትና ውፍረት የሚያገለግል መሆኑንም አሠሪውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።