ይሄን ማነው ያሰረው?

ሌሊት ነው። ሳውዝ ካሮላይና፣ ፎርት ጃክሰን፣ መሠረታዊ ወታደራዊ ሥልጠና ላይ ነኝ። አሸዋማ መንገድ ላይ በሰልፍ እንጓዛለን። ማውራት ክልክል ነው። የሚሰማው የከስክስ ጫማ ድምፅ ብቻ ነው። እና የኔ ኮዳ።

በየእርምጃው ዳሌዬን ጧ ታደርገኛለች። አንድ ሊትር እንኳን የማትሞላ ኮዳ ናት፤ ከነውሃዋ ኪሎ ገደማ ብትመዝን ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትደበድብህ ግን አሥር ኪሎ ትሆናለች። ከዚያ ድንገት ድምፁ ጠፋ። እፎይ አልኩ። አምስት እርምጃ እንኳን አልሄድኩም፣ ከኋላዬ ያለው ልጅ ኮዳዬን ረግጦ ሊደፋ ሲል ለጥቂት ተረፈ።

ሃምሳ አለቃው የኮዳዬን መያዣ ኪስ ከነኮዳው ከመሬት አነሳው። በቀይ ባትሪ አገላብጦ አየው። አልጮኸም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይሄን ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጠዋት እንገናኝ።»

ትጥቁ «ሞሊ» ይባላል። የሴት ስም ይመስላል እንጂ ምህጻረ ቃል ነው፤ ሲፈታ «ተገጣጣሚ ቀላል የዕቃ መሸከሚያ» እንደማለት ነው። «ቀላል» የምትለዋን ማን እንደጨመራት ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ከሱ በፊት የነበረው ደግሞ «አሊስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የመጣ። አሊስ ላይ ኪሱ ከቀበቶው ጋር የሚያያዘው በብረት መቆንጠጫ ነበር። ሞሊ በ1997 ሲመጣ ብረቱ ቀረ። ማሳቹሴትስ፣ ናቲክ ያለው የጦሩ የምርምር ማዕከል ነው ያወጣው። የአፍጋኒስታንና የኢራቅ ጦርነት ሲመጣ ሁሉም ታጠቀው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኪሶቹ የሚታሰሩበት ሰደርያ ላይ 1 ኢንች ስፋት ያለው ጥብጣብ በአግድም፣ ረድፍ በረድፍ ተሰፍቷል። በረድፎቹ መካከል 1 ኢንች ክፍተት አለ። እያንዳንዱ ጥብጣብ ደግሞ በየአንድ ኢንች ተኩሉ ከጨርቁ ጋር ተይዟል፤ በስፌቶቹ መካከል ትንንሽ መሿለኪያ ይቀራል። ኪሱም ጀርባው ላይ እንደዚሁ ጥብጣብ አለው። ከአናቱ ደረቅ ያለ ማሰሪያ ይንጠለጠላል፤ ጫፉ ላይ ጠቅ ብሎ የሚዘጋ ቁልፍ አለ። ልኩ ሁሉ አንድ ስለሆነ የትም የተሠራ ኪስ የትም ከተሠራ ሰደርያ ጋር ይገጥማል።

እኔ ምን አደረግኩ? ማሰሪያውን በሰደርያው ጥብጣቦች ሥር ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ ሰድጄ ቁልፉን ጠቅ አደረግኩ። ሠላሳ ሰከንድ አልፈጀብኝም። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ኪሱን የያዙት ግን ሁለት ነጥቦች ብቻ ነበሩ፦ ከላይ ማሰሪያው የተሰፋበት፣ ከታች ቁልፉ። መሃሉ ባዶ። ያ ሁሉ ክብደት እየዘለለ ቁልፉን ሲጎትተው፣ ሲጎትተው፣ ተከፈተ።

ጠዋት ሃምሳ አለቃው ከፊቴ ተንበርክኮ አሳየኝ። የኪሱ ጥብጣቦች የሰደርያው ክፍተት ውስጥ ይገባሉ። ሁለት እጅህን ስታቆላልፍ ጣት በጣት መሃል እንደሚገባው ነው። ከዚያ ማሰሪያውን በሰደርያው አንድ ረድፍ ሥር ታሳልፋለህ፤ ቀጥሎ በኪሱ አንድ ረድፍ ሥር፤ እንደገና ሰደርያው፣ እንደገና ኪሱ፣ እስከ ታች ድረስ። አንዱንም ሳትዘል። ሲያልቅ ሁለቱ ጨርቆች አንድ ጨርቅ ይሆናሉ። ቁልፉ ማሰሪያው ወደ ኋላ ተንሸራቶ እንዳይወጣ ብቻ ነው የቆመው። ክብደቱን የሚሸከመው ሽመናው ነው።

ሰደርያው አዲስ ከሆነ ጥፍርህን ይልጠዋል። ጥብጣቡ ግትር ነው፣ ማሰሪያው አይገባም። ጠመንጃ መፍቻ የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔም ሞክሬ የስፌት ክር በጥሼበታለሁ። አሁን የማንኪያ እጀታ ነው የምጠቀመው። ጥብጣቡን ከፈት አድርጎ ማሰሪያውን ያስገባል፣ ክር አይነካም።

ሌሎቹንም መላዎች ቀምሻቸዋለሁ። የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠፍሩበት፣ ፈጣን ነው። ግን ብርድ ሲመታው ይሰበራል፤ የተቆረጠው ጫፍም እጅ ይቀድዳል። «ማሊስ ክሊፕ» የሚባለው ረጅም ፕላስቲክ ደግሞ ጥሩ ነው፤ እሱም እንደ ማሰሪያው ተሸምኖ ይገባል፣ ከተዘጋ በኋላ ለመክፈት መፍቻ ይፈልጋል። ማሰሪያው ላለቀበት ኪስ ደህና ነው። አንዳንድ አዳዲስ ሰደርያዎች ላይማ ጥብጣብ የሚባል ነገር የለም፤ ጨርቁ ራሱ በሌዘር ተቀዶ ነው መሿለኪያው የሚወጣው። ክብደቱ ይቀንሳል። ሽመናው ግን ያው ነው። ጠፍቶብኝ ከሚያስከፍሉኝ ዕቃ ሁሉ ላይ ደግሞ ቀጭን የፓራሹት ገመድ አስሬ ከሰደርያው ጋር አያይዘዋለሁ። 250 ኪሎ ገደማ ይችላል ተብሎ የተሠራ ገመድ ነው፤ ለኮምፓስ ይበዛል፣ ይብዛ።

ማሰሩን ከቻልኩ በኋላ የመጣው ጣጣ የት ላይ ማሰር የሚለው ነው። መደበኛው ጥይት ሰባት ካዝና ነው፣ እያንዳንዱ 30፣ በድምሩ 210። አንዱ ሙሉ ካዝና ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁሉንም ሆዴ ላይ ደራርቤ ደረደርኳቸው። ቆሜ ሳየው ያምራል። በደረቴ ተኛ ስባል ግን እንደ ኤሊ ከመሬት ከፍ ብዬ ቀረሁ። ዝቅ ማለት ሲገባኝ ከሁሉም በላይ የምታየው እኔ ነኝ። ወደ ጎን ገፋኋቸው። ያኔ ደግሞ መኪና ውስጥ ስቀመጥ የጎኔ ኪስ ከወንበሩ ቀበቶ ጋር ተጣላ። ስንቴ ፈትቼ እንዳሰርኩ አልቆጠርኩትም። አሁን መጀመሪያ ሳላስር ሰደርያውን መሬት ዘርግቼ ኪሶቹን እላዩ ላይ ብቻ አስቀምጣለሁ። ለብሼ፣ ተኝቼ፣ ተቀምጬ በሐሳቤ እሞክረዋለሁ። ከዚያ ነው ማንኪያው የሚመጣው። ቀኝ እጄ ጠመንጃው ላይ ስለሆነ ካዝናው በግራ እጄ ወደሚደረስበት ይሄዳል።

አንድ ኪስ ግን በራስህ ፍላጎት አታስቀምጠውም፦ የመጀመሪያ እርዳታውን። የት እንደሚሆን የሚወስነው የጦር ክፍሉ ነው፣ ሁሉም ሰው አንድ ቦታ ያደርጋል። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ጓደኛህ ሲቆስል የምትከፍተው የራስህን ሳይሆን የእሱን ኪስ ነው። በጨለማ፣ በደም በራሰ እጅ፣ ፈልገህ ሳይሆን አውቀህ መድረስ አለብህ። የደም ማቆሚያ ማሰሪያው ደግሞ ሁለቱም እጅህ የሚደርስበት ላይ ይሆናል። የትኛው እጅህ እንደሚመታ አታውቅምና።

ሥልጠናው አልቆ ሜሪላንድ ተመለስኩ። ናሽናል ጋርድ፣ ማለትም የትርፍ ጊዜ ወታደር፣ ስለነበርኩ ትጥቄን የማስቀምጠው ቤት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሳሎናችን ምንጣፍ ላይ ዘርግቼው ስታገል እማዬ ቡናዋን ይዛ መጣች።

«ምንድነው ይሄ ደግሞ?»

«ትጥቅ ነው እማዬ።»

«የአያትህ ዝናር ይሻላል። ቆዳ ነው፤ አንዱ ጥይት አንድ ቤት አለው፣ አለቀ።»

ዝም ብዬ መሸመኔን ቀጠልኩ። እሷም ስኒዋን አስቀምጣ ማየቷን ቀጠለች። እማዬ ዕድሜዋን ሁሉ ሰፌድ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ጎንበስ ብላ ጣቷን ከኪሱ ጀርባ አስገባች።

«እዚህ ጋ አንዱን ዘለልከው።»

አየሁት። እውነትም ሦስተኛውን ረድፍ ዘልዬዋለሁ። «በል አምጣው» አለች። ማንኪያ አልፈለገችም፤ እንደ ወስፌ የምትጠቀምበት ጥፍር አላት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቁልፉን ጠቅ አድርጋ ሰጠችኝና ቡናው ቀዘቀዘ ብላ ተቆጣችኝ።

ያ ኪስ ከዚያ በኋላ ዓመታት አልተነካም። ዝለል ሲሉኝ እዘላለሁ፣ ድምፅ የለውም። ኮንትራቴ አልቆ ትጥቁን ልመልስ ስሄድ ሁሉም ኪስ ተፈትቶ፣ ታጥቦ መሆን ነበረበት። ሌሎቹን ማታ ፈታኋቸው። እሱን ግን አቃተኝና ከነሰደርያው ወሰድኩት። የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ በእጁ ሞከረ። ፒንሳ አመጣ። ላብ በላብ ሆኖ ቀና አለ።

«ይሄን ማነው ያሰረው?»

«እናቴ» አልኩት።