ትንፋሽን የመለካት ሙያ

የእንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሲባል ብዙ ሰው በአእምሮው የሚሥለው ሯጭ የሚያሠለጥን ወይም ክብደት ስለ መቀነስ ምክር የሚሰጥ ሰው ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው፤ አካል ሲሠራ ልብ፣ ሳንባ፣ ደምና ጡንቻ የጨመረውን የጉልበት ፍላጎት ተቀናጅተው እንዴት እንደሚያሟሉ፣ እንቅስቃሴው ለወራትና ለዓመታት ሲደጋገምም ሆነ ሲቋረጥ እንዴት እንደሚለወጡ መመርመርና ማስተማር ነው። በዚህ መስክ ስቆይ እየጸናብኝ የመጣ አንድ እምነት አለ፦ በሙያው ዘላቂ ፍሬ ያፈሩት ሥራዎች በጥንቃቄ ከመለካትና የተለኩትን ሰዎች ለረጅም ጊዜ ከመከታተል የመጡ ናቸው፤ እኛ መምህራን ማዕረግና የምርምር ገንዘብ የምናገኝበት ሥርዓት ግን ለሁለቱም ብዙ ቦታ አይሰጥም።

ነገሩ የሚጀምረው ከትንፋሽ ነው። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 3.5 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል። ያው ሰው ጭምብል አጥልቆ በትሬድሚል ወይም በመለኪያ ብስክሌት ላይ ጫናው ደረጃ በደረጃ እየጨመረበት ከአቅሙ ጫፍ ሲደርስ፣ ስፖርት የማያዘወትር ጤነኛ ወጣት ወንድ ከሆነ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 ይሆናል፤ የታወቀ የረጅም ርቀት ሯጭ ከሆነ ደግሞ ከ70 ሊያልፍ ይችላል። ከፍተኛው የኦክስጅን ፍጆታ የምንለው ይህ ቁጥር የሙያችን ዋና መለኪያ ነው። ዛሬ መሣሪያው ስሌቱን በየትንፋሹ በራሱ ስለሚሠራ ቁጥሩ ያለ ድካም የሚገኝ ይመስላል፤ አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ወደ ውስጥ የምንስበው አየር 20.93 በመቶ ኦክስጅን ሲኖረው በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ የምናስወጣው 17 በመቶ ገደማ አለው። የምንለካው ይህን የ4 ነጥብ ያህል ልዩነት ስለሆነ፣ የጋዝ መለኪያው በ0.1 ነጥብ ብቻ ቢሳሳት የመጨረሻው ውጤት በ2.5 በመቶ ገደማ ይዛባል። ከጥቂት ወራት ሥልጠና የሚጠበቀው መሻሻል ከ10 እስከ 20 በመቶ በሆነበት መስክ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፈተና በፊት ይዘቱ በሚታወቅ ጋዝና 3 ሊትር አየር በሚይዝ መለኪያ ፓምፕ መሣሪያውን ማስተካከል ግድ ነው፤ አዲስ ተማሪ ይህን እንደ ባዶ ሥርዓት ቆጥሮ ሲያልፈው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትዕግሥቴ ያልቃል።

የቀደሙት ሰዎች በዚህ ረገድ ለራሳቸውም አልራሩም። እንግሊዛዊው ፊዚዮሎጂስት አርቺባልድ ሂል ከኦቶ ማየርሆፍ ጋር የተካፈለው የእ.ኤ.አ. 1922 የኖቤል ሽልማት ስለ ጡንቻ ባደረጉት ምርምር የተሰጠ ነው፤ ሂል በዚያው ዘመን ትንፋሹን የሚሰበስብ ከረጢት አዝሎ በሣር ላይ በመሮጥ፣ ፍጥነት ሲጨምር የኦክስጅን ፍጆታ አብሮ እየጨመረ ሄዶ ከአንድ ጣሪያ በላይ እንደማያልፍ ያሳየው ራሱን ፈታኝም ተፈታኝም አድርጎ ነው። በስዊድን ዮናስ በርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱ ተመራማሪዎች እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ ብስክሌት እየነዱ ሌላውን እግር አሳረፉ፤ ከዚያም ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ እየተመገቡ ከሁለቱም እግሮች ጡንቻ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። የሠራው እግር ካልሠራው እጅግ የላቀ ግላይኮጅን፣ ማለትም ጡንቻ ለነዳጅነት የሚያስቀምጠውን ካርቦሃይድሬት፣ አከማችቶ ተገኘ። ሁለቱም እግሮች የሚያገኙት ደም አንድ ስለሆነ ልዩነቱን ያመጣው በዚያው ጡንቻ ውስጥ የተፈጠረ ነገር መሆኑ ግልጽ ሆነ። የረጅም ርቀት ሯጮች ከውድድር በፊት ካርቦሃይድሬት የሚያበዙበት ልማድ ሳይንሳዊ መሠረቱን ያገኘው ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። በሁለት ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ዛሬ ቢቀርብ ገምጋሚዎች በናሙናው ማነስ ብቻ ይመልሱት እንደነበር እገምታለሁ፤ የጥናቱ ውበት ግን እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ጋር ማነጻጸሩ ነው።

የሙያው መሰላል በየትም ቢሆን ብዙ አይለያይም፤ የዶክትሬት ዲግሪ፣ አንዳንዴ በሌላ ተመራማሪ ቤተ ሙከራ የሚያልፉ ዓመታት፣ ረዳት ፕሮፌሰርነት፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያ ሙሉ ማዕረግ። በየደረጃው የሚቆጠረው የታተመ ጽሑፍ ነው። አንድን በጎ ፈቃደኛ አሳምኖ ማምጣት፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴን ፈቃድ ማግኘት፣ ሰውየውን ለሳምንታት ማሠልጠንና ደጋግሞ መለካት ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ወጣት መምህር በጥቂት ተማሪዎች ላይ በአጭር ጊዜ የሚያልቅ ጥናት መምረጡ አያስገርምም። አልፈርድበትም። ውጤቱ ግን ጽሑፎቻችን በወጣት ወንዶች የተሞሉ፣ ሴቶችና አረጋውያን የጎደሉባቸው መሆኑ ነው።

ከዚህ የችኮላ ልማድ ያፈነገጠ ሥራ ምን ሊሰጥ እንደሚችል ለማየት የዳላሱን ጥናት ማስታወስ በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ስዊድናዊው ፊዚዮሎጂስት ቤንግት ሳልቲንና ባልደረቦቹ 5 ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶችን ለ3 ሳምንት አልጋ ላይ አስተኟቸው። ከፍተኛው የኦክስጅን ፍጆታቸው ከሩብ በላይ ቀነሰ፤ ተከትሎ በመጣው ሥልጠና ግን ተመልሶ ከፍ አለ። ጥናቱ በዚያ ቢያበቃም ታላቅ ነበር፤ የልብ ሕመምተኞችን ለረጅም ጊዜ ከአልጋ አለማንቀሳቀስ ጎጂ መሆኑን ለማስረዳት ረድቷል። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው 5 ሰዎች ተፈልገው በድጋሚ ተለኩ። የ30 ዓመት ዕድሜ ካደረሰባቸው መቀነስ ይልቅ በወጣትነታቸው ለ3 ሳምንት መተኛታቸው ያደረሰባቸው በልጦ ተገኘ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አንድ የምርምር ትውልድ ማለፍ ነበረበት። 5 ሰዎች ስለ ሰው ሁሉ አይናገሩም የሚል ተከራካሪ ልክ ነው፤ ሆኖም ሰዎቹ ያኔ በጥንቃቄ ባይለኩና መዝገባቸው ባይጠበቅ ኖሮ ክርክሩ ራሱ አይኖርም ነበር።

በክፍል ውስጥ ደግሞ ከባዱ ሥራ ተማሪው ይዞት የመጣውን ዕውቀት ማላቀቅ ነው። ከሥልጠና በኋላ በማግስቱ የሚሰማን የጡንቻ ሕመም በላክቲክ አሲድ የሚመጣ እንደሆነ የማያምን ተማሪ ብዙም አይገጥመኝም። ላክቴት (ላክቲክ አሲድ በደም ውስጥ የሚገኝበት መልክ) ግን እንቅስቃሴው ካቆመ ብዙ ሳይቆይ ከደም ይቀንሳል፤ ሕመሙ የሚበረታው ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ሰዓቱ ብቻውን ሐሳቡን ይሽረዋል። እንዲያውም አሜሪካዊው ፊዚዮሎጂስት ጆርጅ ብሩክስ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባቀረበው ማስረጃ መሠረት ላክቴት አንዱ ጡንቻ አምርቶ ሌላው ጡንቻና ልብ የሚያቃጥሉት ነዳጅ ነው። ይህን በመናገር ብቻ አላስተምረውም፤ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ከጣታቸው ደም እየወሰዱ እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላ በየጥቂት ደቂቃው ይለካሉ፣ መሥመሩን ራሳቸው ይሥላሉ። ከዚያ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፉ የተሻለ ይሆናል።

አሁን በማዘጋጀው እያንዳንዱ የጥናት ዕቅድ ውስጥ ተሳታፊው ከብዙ ዓመታት በኋላ ቢፈለግ ፈቃደኛ መሆኑን የሚጠይቅ አንቀጽ አስገባለሁ፤ ጥሬ መረጃውም መሣሪያው ከተስተካከለበት መዝገብ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ አደርጋለሁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ብዙውን ጊዜ ያለ ክርክር ያጸድቀዋል፤ በጀቱ ሲገመገም ግን ለክትትሉ የተያዘው መሥመር ከሁሉ አስቀድሞ ይሰረዛል።