ኦሎፍ ፓልሜ የወደቁበት ጥግ

ስቶክሆልም ውስጥ ሄቶርየት ከሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ ስቬያቬገን በሚባለው ሰፊ ጎዳና ትንሽ ወደ ሰሜን ከሄዳችሁ ቦታውን ታገኙታላችሁ። ሐውልት አትጠብቁ። አጥርም የለም። መኪናው ያልፋል፣ ብስክሌቱ ያልፋል፣ ሰው ቡናውን በእጁ ይዞ ይሮጣል። እግረኛው መንገድ ላይ፣ ከንጣፉ እኩል ሆኖ የተቀበረ የብረት ሰሌዳ አለ። የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር ኦሎፍ ፓልሜ በዚህ ቦታ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1986 እንደተገደሉ ይናገራል። ማን እንደገደላቸው አይልም። ለምን እንደሆነም አይልም።

ጥጉ ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን አየሁ። አብዛኛው ሰው ልብ ሳይለው ረግጦት ያልፋል። አንዲት እናት ግን የልጇን ጋሪ ወደ ጎን ዞር አድርጋ አለፈችው። ወደ መሬት እንኳ አላየችም። ቦታውን ለምዳዋለች።

ዕለቱ አርብ ነበር። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 21 ቀን 1978 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ፓልሜ ጠባቂዎቻቸውን ቀን አሰናብተዋቸዋል። ማታ ከባለቤታቸው ከሊስቤት ጋር ግራንድ ሲኒማ ገቡ። ሲወጡ ጋምላ ስታን ወደሚባለው የድሮው ከተማ፣ ወደ ቤታቸው፣ በእግር ጉዞ ጀመሩ። የአንድ አገር መሪ እንደማንም ሰው ሚስቱን ይዞ በእግሩ ይሄድ ነበር ብላችሁ አስቡት። ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ላይ አንድ ሰው ከኋላ ተጠግቶ ሁለት ጥይት ተኮሰ። አንዱ ፓልሜን ጀርባቸው ላይ መታቸው። ሌላው ሊስቤትን ጫር አድርጎ አለፈ። ገዳዩ ቱነልጋታን በሚባለው ጠባብ መንገድ ገብቶ፣ መጨረሻው ላይ ያለውን ደረጃ ወጥቶ ተሰወረ። ሽጉጡ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እኔም በዚያው መንገድ ገባሁ። ደረጃው 89 ነው። ከአጠገቡ ኮረብታውን ሰንጥቆ የሚያልፍ የእግረኛ ዋሻ አለ። ላይ ደርሳችሁ ዞር ስትሉ መንገዱ ወደ ታች ወለል ብሎ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ በየአቅጣጫው ይበታተናል። አንድ ሰው እዚህ ከደረሰ በኋላ እሱን ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ እዚያ ስቆም ነው። ፖሊስ ያን ሌሊት የግድያውን ቦታ ያጠረው ጠባብ አድርጎ ነበር። ሁለቱንም ጥይት በኋላ ያገኟቸው መንገደኞች ናቸው።

ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥታ እዚህ የገባች ናት። ማታ ሽሮዋን እየበላን ቀኑን የት እንደዋልኩ ነገርኳት።

«ያን ቅዳሜ ጠዋት አስታውሳለሁ» አለችኝ። «ቋንቋውን ገና በደንብ አልቻልኩም። ሬዲዮኑ ስማቸውን ደጋግሞ ይጠራል። ጎረቤቴ በሩን አንኳክታ ገባችና ዝም ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።»

«ምን እንደሆነ ሳታውቂ?»

«ገባኛ! እንዲህ የሚለቀሰው ሰው ሲሞት ነው። ከዚያ ግን ፈራሁ። ገዳዩ ስደተኛ ነው እንዳይሉ ብዬ።»

ይህ ፍርሃቷ ነው ስለ ግድያው ያነበብኩትን ሁሉ እንደገና እንዳስብ ያደረገኝ።

ፓልሜን የሚጠላ ሰው ሞልቶ ነበር። 1968 ላይ (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)፣ ገና ሚኒስትር ሳሉ፣ ከሰሜን ቬትናም አምባሳደር ጋር ጎን ለጎን ሰልፍ ወጡ። 1972 ላይ አሜሪካ በገና ሰሞን ሃኖይን ስትደበድብ ድርጊቱን ከናዚዎች ግፍ ጋር አነጻጸሩ፤ ዋሺንግተን በጣም ተቆጣች። አገር ውስጥ ባለሀብቱና ቀኝ ክንፉ ስማቸውን መስማት አይፈልግም ነበር። በኢራንና በኢራቅ ጦርነት የተባበሩት መንግሥታት ሸምጋይ ነበሩ። በእሳቸው ጊዜ ቦፎርስ የሚባለው የስዊድን ኩባንያ ለህንድ መድፍ ለመሸጥ ይደራደር ነበር። ውሉ የተፈረመው እሳቸው በሞቱ በወሩ ነው፤ በኋላም የጉቦ ቅሌት ወጣበት። ከመገደላቸው አንድ ሳምንት በፊት ደግሞ፣ የደቡብ አፍሪካው የነፃነት ታጋይ ኦሊቨር ታምቦ በተገኙበት ትልቅ ጉባኤ ላይ፣ አፓርታይድ ሊጠገን አይችልም፣ መወገድ አለበት ብለው ተናገሩ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ አንዱን መምረጥ ነው። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲወራ ያሳምናል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጠላት ላለው ሰው «ለምን ተገደለ?» የሚለው ጥያቄ ወደ ማንም ሊወስድ ይችላል። እኛም አገር አንድ ሰው ሲገደል አስከሬኑ ሳይነሳ ምክንያቱ ይታወቃል ይባላል። «እነ እገሌ ናቸው» ይባልና ስሙ የተነሳው ወገን በሙሉ ይጠረጠራል። ማስረጃ ከኋላ ይምጣ፣ አይምጣ ግድ የሚለው የለም።

ስዊድንም ይህን አድርጋለች። ምርመራውን የመራው የስቶክሆልም ፖሊስ አዛዥ ሃንስ ሆልሜር ብዙም ሳይቆይ ጣቱን በኩርዶች ላይ ቀሰረ። ምክንያቱ ተዘጋጅቶለት ነበር። ፒኬኬ የተባለው የኩርዶች ድርጅት በ1984 በስዊድን አሸባሪ ተብሏል። ከድርጅቱ የከዱ ሁለት ሰዎች በ1984 እና በ1985 እዚያው ስዊድን ውስጥ ተገድለዋል። ስለዚህ ተበቅለው ይሆናል ተባለ። በጃንዋሪ 1987 ፖሊስ በርካታ ሰዎችን በአንድ ቀን ሰብስቦ አሰረ። ወዲያው ደግሞ ለቀቃቸው። ሆልሜርም በዚያው ዓመት ምርመራውን ትቶ ወጣ።

የአክስቴ ሰፈር ውስጥ አትክልትና ፍራፍሬ የሚሸጡ አንድ ኩርድ አዛውንት አሉ። አክስቴ ቲማቲም የምትገዛው ከእሳቸው ብቻ ነው። ስንሄድ ሻይ በትንሽ ብርጭቆ አቀረቡልን። ስለዚያ ጊዜ ስጠይቃቸው አክስቴ አስተረጎመችልኝ። እሳቸው አልታሰሩም። ግን ፋብሪካ ውስጥ አብረዋቸው የሚሠሩ ሰዎች ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ጠረጴዛ መምረጥ ጀመሩ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጥቶ «አባዬ፣ እኛ ነን የገደልናቸው?» አላቸው። ለዓመታት ከየት ነህ ሲባሉ ቱርክ ብለው ዝም ይሉ ነበር። ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው አልተቀየረም። ስኳሩን ግን ሟሙቶ ካለቀ በኋላም ብርጭቆው ውስጥ ማማሰል አላቆሙም።

«ይቅርታ የጠየቀዎት አለ?» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። የለም።

ከኩርዶቹ በኋላ ተራው የክሪስተር ፔተርሶን ሆነ። ሱሰኛ ነው፤ ከዚያ በፊትም ሰው ገድሏል። ሊስቤት እሱ ነው ብለው ለዩት። በ1989 ተፈርዶበት በዚያው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነፃ ለቀቀው። መሣሪያ የለም፣ ግልጽ ምክንያት የለም፣ የምስክርነቱም ነገር አጠያያቂ ነው ተባለ። ያኔ ከተወሩት ግምቶች አንዱ ፔተርሶን ፓልሜን ከአንድ ዕፅ ነጋዴ ጋር አሳስቷቸው ነው የሚለው ነው። ይህ እውነት ቢሆን ቬትናምም፣ አፓርታይድም፣ መድፉም ከነገሩ የሉበትም። አንድ የዓለም ሰው በጨለማ በስህተት ተገደለ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን መስማት የማይፈልገው ለዚህ ይመስለኛል።

ከሰሌዳው ማዶ አንድ ትልቅ ሕንፃ አለ። በዚያ ጊዜ ስካንዲያ የሚባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ቢሮ ነበር። ስቲግ ኢንግስትሮም የተባለው ሠራተኛ ያን ማታ አምሽቶ ሲወጣ ግድያው ቦታ ላይ ደረስኩ ብሎ ለጋዜጠኞች ሁሉ ሲናገር ነበር። በጁን 2020 ዓቃቤ ሕጉ ተጠርጣሪው እሱ ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ሰውዬው በ2000 ሞቷል። ፓልሜንና ፖለቲካቸውን ይጠላ ነበር ተባለ። ሽጉጥ አልቀረበም። ሌላ የተጨበጠ ማስረጃም የለም። እኔ ይህን እንደ ፍርድ አልቆጥረውም። ሰው ቆሞ ያልተከራከረበት ክስ፣ ሟቹም ገዳይ ቢሆን እንኳ፣ ጎዶሎ ነው።

መዝገቡ መደርደሪያ ላይ ሲደረደር ወደ 250 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ከ10,000 በላይ ሰው ተጠይቋል። 134 ሰው ደግሞ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» ብሏል።

መቃብራቸው ሩቅ አይደለም። እዚያው ስቬያቬገን ላይ፣ አዶልፍ ፍሬድሪክ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ያልተጠረበ ትልቅ ድንጋይ ላይ ፊርማቸው ተቀርጿል። አክስቴ ቀይ ጽጌረዳ ይዛ ነበር። አስቀመጠችና አፈሩን በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገች።

ስንመለስ ጠየቅኳት። «አንቺ ማን ነው ብለሽ ታምኛለሽ?»

«ደቡብ አፍሪካ» አለች ሳታመነታ።

የሰማሁትን ነገርኳት። በ1996 ዩጂን ደ ኮክ የተባለው የአፓርታይድ ገዳይ ቡድን አዛዥ የአገሩ ሰላዮች እንዳሉበት ተናገረ። የስዊድን ፖሊስ እዚያ ድረስ ሄዶ መረመረ። የሚያስከስስ ነገር አላገኘም።

«አውቃለሁ» አለች። «ግን ለአፍሪካ ብለው ሞቱ ብዬ ሳስብ ይቀለኛል። ዝም ብሎ አንድ ሰካራም ከሆነ ግን ምን ብዬ ልቀበለው?»

«ፖሊሱም እኮ ኩርዶቹን ሲይዝ የሚቀለውን ነው ያመነው፣ እቴቴ።»

ዝም አለች። ባቡሩ ሁለት ጣቢያ አለፈ።

«እውነትህን ነው» አለችኝ በመጨረሻ። «ነገ ቲማቲም ልገዛ ስሄድ እኔ እጠይቃቸዋለሁ። ይቅርታውን።»