የእናቷ ሻሽ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ አይሲቲ አስተምራለሁ። ለስምንተኛ ክፍሎች «የቤታችሁን ሥራ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ» ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። አንዷ የእንጀራ አጋገር ቀርጻ አመጣች። ምጣዱ፣ ማሰሻው፣ ጭሱ፣ ግሩም ነው! የክፍሉ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት።

በማግስቱ አንገቷን ደፍታ መጣች። «ቲቸር፣ እማዬ ሻሽ ሳታስር ነው የወጣችው። ጎረቤቱ ሁሉ አይቷታል።»

ደግሜ አየሁት። እውነትም ከጭሱ ጀርባ እናትየው ፀጉራቸውን ፈትተው ጎንበስ ብለዋል። እኔ እንጀራውን ብቻ ነበር ያየሁት። ወዲያው አጠፋሁት፤ ግን ስንቱ እንዳወረደው ማን ያውቃል?

በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ኤክሴሉን ትተን ስለ ፎቶ አወራን። ከጀርባ ያለ ሰው፣ ደብተር ላይ የተጻፈ ስልክ ቁጥር። ከዚያ የራሴን አንድ ፎቶ ከፈትኩ። የስልኩ ካሜራ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት፣ የተነሳበትን ቦታ ፎቶው ውስጥ ያስቀምጣል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሲላክ ይህ የቦታ መረጃ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። ካርታው ቀጥ ብሎ የቤቴን በር ሲያሳይ ክፍሉ አውካካ።

«ሕግ አለው እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ። አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል፤ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም። አገራችን ውስጥ ቴሌቪዥን እንኳ ሳይጀመር የወጣ ሕግ ነው!

ቅዳሜ እናትየው ቤት ሄድኩ። «እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁ» አልኩ።

«ብትነግሩኝ እኮ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስር ነበር» አሉና እንጀራ አቀረቡልኝ።