ስሙ ከአፋር፣ መንጋጋው ከላኤቶሊ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ከድንቅነሽ አጽም ቅጂ ፊት ቆመን ሳለ ሳይንሳዊ ስሟ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ መሆኑን ስነግረው፣ «ይህን ስም ማን አወጣላት?» ሲል ጠየቀኝ። «ያገኟት ሰዎች ናቸዋ» ብዬ አለፍኩት። መልሴ ውሸት ባይሆንም ጎደሎ ነበር፤ ስሙ በይፋ የተነገረው አጽሟ በተገኘበት በአፋሩ ሐዳርም በአዲስ አበባም ሳይሆን ስዊድን ውስጥ በተካሄደ ሳይንሳዊ ጉባኤ ላይ ሲሆን፣ ስሙ የታሰረበት አጥንትም የድንቅነሽ አይደለም።

ጉባኤው የተካሄደው በግንቦት 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1978) ካርልስኮጋ በተባለች ከተማ ነው። በኖቤል ስም ከሚዘጋጁት ሲምፖዚየሞች አንዱ የሆነው ይህ ስብሰባ የጥንታዊውን ሰው ቅሪተ አካል የሚያጠኑ ባለሙያዎችን ያገናኘ ሲሆን፣ ካርል ሊኒየስ የሞተበት 200ኛ ዓመትም ይታሰብበት ነበር። ለእንስሳትና ለዕፅዋት በሁለት ቃል የላቲን ስም የመስጠትን ሥርዓት ያጸናው ሊኒየስ ነውና፣ አዲስ ስም ለማብሰር መድረኩ ተስማሚ ነበር። እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ በዚህ ሙያ ግን ስም የሚወጣው በጥብቅ ደንብ ነው። አዲስ ዝርያ አገኘሁ የሚል ሰው ስሙን ከአንድ ተለይቶ ከተጠቀሰ ናሙና ጋር ማሰር ይኖርበታል፤ ነገ አጥንቶቹ የሁለት ዝርያ ናቸው ተብለው ቢከፈሉ ስሙ ያንን ናሙና ተከትሎ ይሄዳል።

ችግሩ ሐዳር የተገኙት አጥንቶች እርስ በርሳቸው አለመመሳሰላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የጉልበት መገጣጠሚያ፣ በ1974 ድንቅነሽ፣ በ1975 ደግሞ ከአንድ ኮረብታ ቢያንስ የ13 ግለሰቦች አጥንት ተሰበሰበ። ከመንጋጋዎቹ አንዳንዱ ትልቅና ወፍራም ሲሆን፣ የድንቅነሽ ግን አነስተኛ፣ ከኋላ ሰፋ ብሎ ወደ ፊት የሚጠብ ነው፤ ሙዚየሙ ውስጥ ወዳለው ቅጂ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ይህን በዓይኑ ያረጋግጣል። ድንቅነሽን ያገኙት ዶናልድ ጆሃንሰን ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1976 በሐዳር ከአንድ በላይ ዝርያ ሳይኖር አይቀርም ብለው ጽፈው ነበር። ኋላ ግን ሰሜን ታንዛንያ ውስጥ ላኤቶሊ በተባለ ቦታ የተገኙ አጥንቶችን ይመረምሩ ከነበሩት ከቲም ዋይት ጋር የሁለቱን ቦታ ግኝቶች ጎን ለጎን ሲያስተያዩ፣ ልዩነቱ የወንድና የሴት የአካል መጠን ልዩነት ነው፣ ዝርያውም አንድ ነው ከሚል መደምደሚያ ደረሱ። በግሌ የማደንቀው ከግኝቱ ይልቅ ይህን ሐሳብን በአደባባይ የመለወጥ ድፍረት ነው።

ናሙናውን ሲመርጡ ግን ድንቅነሽን ትተው፣ ላኤቶሊ የተገኘውን፣ ዘጠኝ ጥርስ የያዘውን የታች መንጋጋ መረጡ። መንጋጋው ቀደም ሲል በሥዕልና በመግለጫ ታትሞ ስለነበር ማንም ሊያመሳክረው ይችላል፤ ከዚያም በላይ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ተራርቀው የሚገኙትን ሁለት ቦታዎች በአንድ ስም ለማሰር ይረዳል። ብልኅ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን ዕዳ አለበት። 3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የላኤቶሊው ፍጡርና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረችው ድንቅነሽ አንድ ቀን የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ቢባል፣ የአፋር ስም ታንዛንያ ይቀራል፣ የአፋሯ ድንቅነሽ ግን ሌላ ስም ይፈለግላታል።

በላኤቶሊ ቁፋሮውን የመሩት ሜሪ ሊኪ በአዳራሹ ነበሩ። በዚያው ሰሞን የስዊድን ሳይንስ አካዳሚ የሊኒየስን የወርቅ ሜዳሊያ የሸለማቸው እኒህ ሴት፣ የራሳቸው ግኝት በጆሃንሰን አንደበት፣ ያውም እሳቸው በማይቀበሉት ስም ሲቀርብ መስማት አልነበረባቸውም። የላኤቶሊው ፍጡር የእኛው የሆሞ ወገን እንጂ አውስትራሎፒቴከስ አይደለም የሚል አቋም ስለነበራቸው ስማቸው አዲሱን ስም በሙያዊ መንገድ ከሚያቀርበው ጽሑፍ ደራስያን ዝርዝር እንዲወጣ አደረጉ፤ ጽሑፉም በጆሃንሰን፣ በዋይትና በሐዳር ባልደረባቸው በኢቭ ኮፐንስ ስም ታተመ። በሳይንሱ ክርክር አብዛኛው ባለሙያ ወደ እነጆሃንሰን ቢያዘነብልም፣ በጨዋነቱ በኩል እኔ ከሜሪ ሊኪ ጎን ነኝ።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። ጉባኤውን የዘገበ አንድ ጋዜጠኛ ስሙንና መንጋጋውን በመጽሔት ስላወጣ፣ ስሙ ሕጋዊ የሆነው በዘገባው ነው ወይስ በሙያዊው ጽሑፍ የሚል ክርክር ተነሣ። በዚያው በላኤቶሊ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1939 ለተገኘ የላይኛው መንጋጋ ስባሪ በ1950 አፍሪካነስ የሚል ስም ወጥቶለት ስለነበርም፣ ቀድሞ የወጣው ይህ ስለሆነ መጽናት ያለበት እሱ ነው ያሉ አልጠፉም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን አፋረንሲስ እንዲጸና ወሰነ።

ይህን ሁሉ ማታ እራት ላይ ለእህቴ ልጅ በአጭሩ ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ታንዛንያ ያለው መንጋጋም አፋር ነው የሚባለው?» አለኝ። አዎ አልኩት፤ እየሳቀ እንጀራውን ቆረሰ።