የአያቴን የሕይወት ታሪክ ለአርባቸው እንዴት እንዳዘጋጀሁት

እኛ ዘንድ የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው በአንድ ሌሊት ነው። ሰው ማታ ያርፋል፤ በማግሥቱ ፍትሐቱ ሲያልቅ ወረቀቱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይነበባል። አያቴ ሚንጃር ላይ ሲያርፉ የተነበበውም እንዲሁ በጥድፊያ የተጻፈ ነበር። «ታታሪ ገበሬ፣ ቤተሰባቸውን ወዳድ፣ ሰው አክባሪ» ይላል። ሐሰት የለበትም። ስሙ ቢቀየር ግን ለየትኛውም የአገሩ ሽማግሌ ይሆናል። ለአርባቸው ሌላ ለማዘጋጀት ስነሣ አንድ ደንብ ያዝኩ፤ «ታታሪ» የሚለው ቃል አይገባም፣ በምትኩ የሠሩት ሥራ ይገባል። ከሰልስት እስከ አርባ ያሉት ሳምንታት ለዚህ በቂ ናቸው። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ በእግሩ ስለሚመጣ እንደዚያ ያለ አጋጣሚ ተመልሶ አይገኝም።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ የልደት ዘመናቸው ነው። የቀበሌው መታወቂያ አንድ ዓመት ይላል፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ሌላ። አሜሪካ ላለችው ልጃቸው የተላከው ሰነድ ደግሞ የእኛውን ዓመት ሳይቀይር እንደ ፈረንጅ ዓመት ገልብጦ ስምንት ዓመት አስረጅቷቸዋል። ይህ የመጨረሻው ስሕተት ውጭ አገር ዘመድ ባለው ቤት ሁሉ አይጠፋም፤ መጀመሪያ እሱን መፈተሽ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ በእኛ ዓመት ላይ 7 ይደመራል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8።

ዓመቱን ያገኘሁት ከወረቀት ሳይሆን ከታናሽ እህታቸው ነው። እናታቸው «በዘመነ ሉቃስ፣ በግንቦት ልደታ ማግሥት ወለድኩት፤ ጣሊያን ሲገባ አዝዬው ሸሸሁ» ይሏት ነበር። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር በቂ ናት። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ ነው፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ከጣሊያን በፊት ያሉት ቅርብ የሉቃስ ዓመታት 1923 እና 1927 ናቸው። በ1923 ተወልደው ቢሆን ጣሊያን ሲገባ አምስት ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ታዝሎ አይሸሽም፣ በእግሩ ይሄዳል። ስለዚህ ግንቦት 2 ቀን 1927። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ሲገባ ዓመት ሊሞላቸው አምስት ቀን ቀርቷቸው ነበር ማለት ነው።

ሌሎቹንም ዘመናት ያወጣሁት በዚሁ መንገድ ነው። ሽማግሌን «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ እንግዳን ላለማሳፈር ሲሉ አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። እኔ አንድ ወረቀት ላይ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን ክንውኖች ደረደርኩ፤ የንጉሡ መመለስ በ1933፣ የታኅሣሥ ግርግር በ1953፣ የመሬት አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1971፣ የ77ቱ ድርቅ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983። ከዚያ ጥያቄዬ «ከአዋጁ በፊት ነው በኋላ?» የሚል ብቻ ሆነ። ሦስት ሰው ለየብቻ ጠይቄ ሁለቱ ከተስማሙ እጽፋለሁ። ካልተስማሙ «በድርቁ አካባቢ» ብዬ እተወዋለሁ። ሰዎቹን አንድ ላይ ሰብስቦ መጠየቅ ግን ስሕተት ነው፤ ትልቁ ሲናገር ሌላው «እሳቸው እንዳሉት» ብሎ ያልፋል።

ጥያቄውም መታረም ነበረበት። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ስል መልሱ «ደግ» ነው፣ እዚያው ያልቃል። «ሰኔ ላይ በሬዎቹን ማን ይጠምድ ነበር?»፣ «ስንቅ ወደ ተማሪ ቤት ማን ያደርስ ነበር?»፣ «ያንን በሬ ለምን ሸጡት?» ስል ግን ነገር ይመጣል። ስለ በሬው የጠየቅኩት ከሁሉ በላይ ጠቅሞኛል። አክስቴ ገና ልጅ ሳለች ታማ አዲስ አበባ ለማሳከም ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ሸጠዋል። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ያረሱት በመቀናጆ ነው፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር አቀናጅተው ቀን በተራ። እዚህ ላይ ሒሳብ ሠራሁ። አንድ ጥማድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው፤ አራቱ አንድ ሄክታር ያህል ይሆናል። የጤፍ ማሳቸው ስድስት ጥማድ ነበር። ገምሰው፣ አይመው፣ ሰልሰው፣ ለዘር ደግሞ ሲመለሱበት አራት ዙር ነው፤ 24 ቀን ከበሬ ኋላ። በመቀናጆ ግን የጎረቤትየውንም ያህል ስለሚያርሱ 48 ቀን ይሆናል። «ለልጃቸው ሲሉ ብዙ ደክመዋል» ከማለት ይልቅ ይህን ቁጥር ጻፍኩ።

ቤተሰቡን ያከራከረው «ጭሰኛ» የሚለው ቃል ነው። እስከ አዋጁ ድረስ የሰው መሬት በሲሶ ያርሱ ነበር፤ ዘጠኝ ኩንታል ቢያፍሱ ሦስቱ የባለ መሬቱ ነው። አንዳንዱ ዘመድ ስማቸውን ዝቅ ያደርጋል ብሎ እንዲወጣ ፈለገ። እኔ ግን አጥብቄ ያዝኩት፤ ከቀሪው ስድስት ኩንታል ላይ የዘር አስቀምጠው፣ ቤት መግበው፣ ልጅ ማስተማራቸው ያለዚያ ቃል አይታይም። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ከሽማግሌዎች ሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ባለቤት ናቸው። ሴት አያቴ «እውነት ነው፣ ምን ያሳፍራል» አሉ፤ በዚያው ተዘጋ። የልጆቹንም ቁጥር ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው። በቀብሩ ዕለት «የስምንት ልጆች አባት» ተብሎ ተነቧል፤ እሳቸው አሥራ አንድ ነው የወለድኩት አሉ። በሕፃንነታቸው ያረፉት ሦስቱ በስማቸው ገብተዋል።

ድምፅ ስቀዳ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶብኛል። አንዱ ስልኩን የቡና ረከቦት ላይ አስቀምጬ ነው፤ ሲሰማ ሲኒና ሙቀጫ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ከተናጋሪው ክንድ በማይሞላ ርቀት አኖርኩት። ሌላው መሐል ላይ ስልክ ተደውሎ ቅጂው ስለተቋረጠ ነው፤ ሳይጀመር በፊት ስልኩን የበረራ ሁኔታ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። በየቅጂው መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም በድምፅ መናገር ይገባል፤ ከወር በኋላ የማን ድምፅ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ከ40 ደቂቃ በላይ አዛውንት ማስቀመጥ አይገባም። አንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ አምስት ሰዓት ያህል ይወስድብኝ ስለነበር፣ ሁሉንም ከመገልበጥ አንድ ጊዜ አዳምጬ ደቂቃውን በማስታወሻ መያዝ ተሻለኝ። ውጭ ያሉት በቴሌግራም የላኩትን ድምፅ ወዲያው ሌላ ቦታ አስቀምጫለሁ፤ ስልክ ሲቀየር ይጠፋል።

ፎቶግራፋቸው ከአምስት አይበልጥም። በወጣትነታቸው የተነሡት ጉርድ ፎቶ አነስተኛ ስለሆነ በ600 ዲፒአይ ስካን አስደረግኩ፤ በ300 ያስነሣሁት ሲሰፋ ፊታቸው ፈዞ ነበር። ከፍሬሙ መስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ መላጥ የለበትም፤ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ ከመስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ትንሽ ዘንበል አድርጎ ማንሣት ይሻላል። በጀርባው ስም ሲጻፍ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ይወጣል።

ፎቶ ባነሰበት ዕቃ አነሣሁ። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸውን፣ የመሬት ደብተሩን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርፋቸውን። እርፉ እጃቸው የሚያርፍበት ጋ ጠቁሮ እንደ ቀንድ ያብረቀርቃል፤ የአውራ ጣታቸው ቦታ ጎድጉዷል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ተሰንጥቆ በበሬ ጠፍር ሦስት ዙር ታስሯል፤ ቋጠሮው የቀንበሩ ምራን ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ለአርባቸው ያሳተምኳት ትንሽ መጽሐፍ ሽፋን ላይ የገባው ይኸው ነው። የፎቶው ሥር የየአካሉ ስም ተጽፏል፤ ሞፈር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ማረሻ፤ ከተማ ያደጉት የልጅ ልጆች አያውቁትማ።

ሲጻፍ ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል። በአርባው ዕለት የሚነበበው ከ400 ቃል ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ በዝግታ ሲነበብ አራት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሕዝቡ መቁነጥነጥ ይጀምራል። የሚታተመው 24 ገጽ ሆነ። መሐሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ ለአራት መካፈል አለበት፤ መጀመሪያ 22 ስለነበር ማተሚያ ቤቱ መለሰው። ፋይሉንም በፒዲኤፍ መስጠት ነው፤ በወርድ የሰጠሁት እዚያ ሲከፈት ፊደሉ ተዛብቶ ወጣ። የሰው ስም ደግሞ ባለቤቱ በሚጽፍበት ፊደል ይጻፍ፤ «ኃይለ» ብሎ የሚፈርምን ሰው «ሀይለ» ብሎ ማሳተም ቅር ያሰኛል። ከመታተሙ በፊት የስሙን ዝርዝር ብቻ ለየቤቱ ልኬ አሳረምኩ፤ 11 ስሕተት ተገኘ።

ሁለት ገጽ ሌላ ነገር ትዝ ያለው ሰው ይሞላው ብዬ ባዶ ተውኩ። 40 ቅጂ አሳትሜ ለየልጁ፣ ለእድሩና ለደብሩ ሰጠሁ። ለሙት ዓመታቸው ስንሰበሰብ ታማ የዳነችው አክስቴ የእሷን ይዛ መጣች። ባዶው ገጽ ላይ የተሸጠው በሬ ቡሬ ሳይሆን ዳለቻ መሆኑን ጽፋለች፤ ቡሬ እቤት ቀርቶ ከጎረቤቱ በሬ ጋር የተቀናጀው ነው። በሁለተኛው ኅትመት ታርሟል።