ጥር 13 ቀን የጠፋው ኢንተርኔት

በ2016 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል የዋለው ቅዳሜ ስለነበር መሥሪያ ቤታችን የተከፈተው ሰኞ ጥር 13 ቀን ነበር። በከተራው ዕለት ጥበቃው አደጋ እንዳይነሣ ብሎ የሒሳብ ክፍሉን ሶኬቶች በሙሉ ነቅሎ መሄዱን የሰማሁት ኋላ ነው። እኔ በዚያ ጊዜ በአዲስ አበባ የአንድ አነስተኛ ድርጅት ኮምፒዩተሮችና ኔትወርክ ኃላፊ ነበርኩ።

ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ኢንተርኔት የለም። የባንኩ ገጽ አልከፈት ብሏል፤ ኢሜይሉም እንደዚያው ነው። ክፍያው ደግሞ ዛሬ ካልተላለፈ ጉድ ነው» አሉኝ። ወዲያው ወርጄ እንደ ልማዴ ኬብሉን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፤ ለውጥ ስላላየሁ በሌላ ኬብል ተካሁት። ቀጥዬም ኢንተርኔቱን ለቢሮው ሁሉ የሚያከፋፍለውን ራውተር አጥፍቼ አበራሁት፤ በዚህም ኢንተርኔቱ በደኅና ይሠራላቸው የነበሩትን የሌሎች ክፍሎች ሠራተኞች ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ አቋረጥኩባቸው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ለታየ ችግር የሁሉንም መስመር ማጥፋት ምን ያህል አላዋቂነት እንደሆነ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ከዚያ በኋላ ነበር ወደ ትእዛዝ መጻፊያው መስኮት የገባሁት። ኮምፒዩተሩ በ192.168.1 የሚጀምር አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበትን ቁጥር) ከራውተሩ ተቀብሏል። ራውተሩን ፒንግ ሳደርግ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት ስልክበት፣ መለሰልኝ፤ ከቢሮው ውጭ ያለውን የጉግል ሰርቨር 8.8.8.8ንም ስሞክር መለሰ። የድረ ገጽ ስም ጽፌ ስጠይቅም ዲኤንኤስ ስሙን ወደ ቁጥር መንዝሮ ሰጠኝ። እንግዲህ ኬብሉም፣ ራውተሩም፣ አገልግሎት ሰጪውም ንጹሕ መሆናቸው ታውቆ ነበር። እኔ ግን ተጠራጣሪነቴ አልለቀቀኝም፤ ምክንያቱም በቢሮው ውስጥ ባለው ሰርቨር ላይ የተጫነው የንብረት መመዝገቢያ በዚያው ብራውዘር ያለ ችግር ይከፈት ነበር። «የውስጡ ይከፈታል፣ የውጭው አይከፈትም» ስል ጥፋቱን መልሼ በራውተሩ ላይ ጣልኩት። የብራውዘሩን ጊዜያዊ ፋይሎችና ኩኪዎች በሙሉ አጠፋሁ፤ ሌላ ብራውዘር ሞከርኩ፤ ወደ አገልግሎት ሰጪው ደውዬም መስመሩ ደኅና ነው ተባልኩ።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከባከነ በኋላ ኃላፊዋ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ማያው ጠጋ አሉና «ይኸ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስለ ሰዓት የሚለው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ክሮም የተባለው ብራውዘር ከቀዩ ምልክት በታች በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል» ብሎ ጽፎ ነበር። ያን ገጽ በዚያ ጠዋት ቢያንስ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አላነበብኩትም እንጂ። የብራውዘር ስሕተት ገጽ ምንጊዜም ረብ ያለው ነገር አይናገርም የሚል ንቀት ነበረብኝ።

በማያው ታችኛ ቀኝ ጥግ ላይ የተጻፈው ቀን ጃንዋሪ 13፣ 2016 ነበር። ማን እንደቀየረው ስጠይቅ ኃላፊዋ ምንም ሳይደናገጡ «እኔ ነኝ። ጠዋት ስከፍተው የማይሆን ዓመት አሳየኝ፤ አስተካከልኩት። ቀኑ ትክክል ነው፤ ያውልህ!» ብለው በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አሳዩኝ። እርግጥም ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ኮምፒዩተሩ ግን የሚቆጥረው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ለእርሱ ትክክለኛው ቀን ጃንዋሪ 22፣ 2024 ነው። በእርሳቸው እርማት ማሽኑ 8 ዓመት ከ9 ቀን ወደኋላ ተመልሷል። ሰዓቱንም እንደኛው አቆጣጠር ከሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሞልተውት ስለነበር 6 ሰዓት ተጨማሪ ቀርቷል፤ ይኸኛው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ግን አብዛኛውን ድረ ገጽ ባልከለከለ ነበር።

ለምን እንደከለከለ ለእርሳቸው ያስረዳሁት በዘበኛ ምሳሌ ነው። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ (https) የሚጀምር፣ ግንኙነቱ የተመሰጠረ ገጽ ሲከፈት፣ ብራውዘሩ ስሙን ወደ ቁጥር ካስለወጠና ከሰርቨሩ ጋር ከተገናኘ በኋላ ገጹን ከማሳየቱ በፊት የሰርቨሩን መታወቂያ፣ ማለትም ሰርተፊኬቱን፣ ይጠይቃል። በሰርተፊኬቱ ላይ የድረ ገጹ ስም፣ የሰጪው አካል ፊርማና አገልግሎቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ሰፍረዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ ይህ ዘመን ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ብራውዘሮች ያስገድዱ ስለነበር፣ ያን ዕለት በሥራ ላይ የነበረ፣ ብራውዘሮች የሚያምኑት የማንኛውም ድረ ገጽ ሰርተፊኬት ከ2022 በፊት ሊጀምር አይችልም። ዛሬ 2008 ዓ.ም. ነው ብሎ የሚያምን ዘበኛ በ2015 ዓ.ም. የተሰጠ መታወቂያ ቢያሳዩት አያስገባም። የንብረት መመዝገቢያችን ሳይጠየቅ ያለፈው ሰርተፊኬት በማይጠይቀው በተራው ኤችቲቲፒ (http) ስለሚሠራ ነበር፤ መታወቂያ በማይጠየቅበት በር መግባት ደግሞ ቀኑ ልክ መሆኑንም፣ ራውተሩ መጥፎ መሆኑንም አያስረዳም።

ኃላፊዋ ሌላ ነገርም ነገሩኝ። እኔ ራውተሩን ስነካካ አንድ ወጣት ባልደረባችን በሌላ ብራውዘር ማስጠንቀቂያውን አልፎ መግባት የሚያስችለውን ማያያዣ አሳይቷቸው፣ አንዳንዱን ገጽ እንደዚያ ከፍተውታል። ኢሜይሉ ግን ማለፊያ አልሰጣቸውም፤ አንዳንድ ድረ ገጾች ያለ ትክክለኛ ሰርተፊኬት ማንም እንዳያልፍ ብራውዘሩን አስቀድመው ያዛሉና። ከቀኑ ስሕተት ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ያ ማስጠንቀቂያ የሚመጣው አንድ ሌባ ራሱን የባንኩ ሰርቨር አስመስሎ በመካከል ሲገባም ነው፣ በልማድ የሚያልፈው ሰው ደግሞ ሁለቱን አይለይም።

ቀኑን ለማስተካከል በራሱ እንዲያመሳስል ያለው ምርጫ ቀድሞም በርቶ ነበር። ሆኖም ዊንዶውስ ለብቻው በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ ከ15 ሰዓት የሚበልጥ ልዩነት ሲያጋጥመው እንዲሁ ዝም ብሎ አያርምም። ስለዚህ ቀኑን በእጄ ሞልቼ፣ የሰዓት ክልሉን አረጋግጬ፣ ከዚያ እንዲመሳሰል አደረግኩት። የባንኩም የኢሜይሉም ገጽ በዚያው ቅጽበት ተከፈተ።

ጥፋቱ ከኃላፊዋ እጅ እንዳልጀመረ የገባኝ ሲስተም ዩኒቱን ስከፍት ነው። ማዘርቦርዱ (የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሲአር 2032 የተባለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አልቃለች። ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር መሆኑን ስሟ ራሱ ይናገራል፤ ሥራዋ መብራት በሌለበት ጊዜ ሰዓቱን ማስቆጠር ነው። ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ ማለቋን ማንም አላወቀም ነበር፤ የበዓሉ ቀናት አጋለጧት። አዲሷን ከሰዓት ጠጋኝ ሱቅ ገዝቼ ተካሁ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ እንደገና ደወሉልኝ፤ ጠዋት የጻፏቸው ሁለት ደብዳቤዎች ከማኅደሩ ጠፍተዋል። ፋይሎቹ በቀን ቅደም ተከተል የተደረደሩ ነበሩና ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ወርጄ ፈለግኩ፤ ሁለቱም በፈረንጅ 2016 እንደተጻፉ ተመዝግበው ከአሮጌዎቹ ደብዳቤዎች መካከል ተኝተዋል። በማግስቱ ስመለስ በማያው ጠርዝ ላይ በእጃቸው የተጻፈች ወረቀት ለጥፈው አገኘሁ፦ «ይኸ የፈረንጅ ቀን ነው፤ አይነካ።»